«የበረሃ ኦርኪድ» ለሚላችሁ ሰው ብር እንዳትከፍሉ

የድሬ ልጆች፣ አበባ የምትወዱ ሁሉ ይቺን አንብቡልኝ። ከዚራ ዛፎቹ ጥላ ስር በጋሪ አበባ ከሚያዞር ሰው «የበረሃ ኦርኪድ» የተባለ ተክል በ1,800 ብር ገዛሁ። ስሙን ሳይቀር ነግሮኛል። «ዩሎፊያ ፒተርሲ ነው፣ መሬት ላይ ነው የሚበቅለው፣ የድሬን ሙቀት ይችላል» አለኝ። በስልኩ ያሳየኝ ሰፋፊ ሐምራዊ አበባ ልብ ይሰርቃል።

ከአራት ወር በኋላ አክስቴ ከሐረር መጣች። አንዱን ቅጠል ሰበረችና በጥፍሯ ፋቀችው። ነጭ ክር ተመዘዘ። «ይሄማ ቃጫ ነው ልጄ! ገመድ እንገምድበት አልነበር እንዴ?» አለች። ክው አልኩ። ሳንሴቬሪያ ነው፤ ከጎረቤት ጊቢ በነጻ የሚነቀል።

የሚያታልሉበት መንገድ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። እውነተኛው ዩሎፊያ ፒተርሲ ከኤርትራ እስከ ደቡብ አፍሪካ በደረቅ ቁጥቋጦ መሬት ይበቅላል። ቅጠሉ ወፍራምና ጠንካራ ስለሆነ ከሩቅ ቃጫ ይመስላል። ልዩነቱን እጅ ያውቀዋል። የኦርኪዱን ቅጠል ጠርዝ በጣት ስትዳብሱት እንደ መጋዝ ጥቃቅን ጥርስ አለው። ከስሩ ደግሞ ከአፈር በላይ የሚታይ፣ ሸንተረር ያለው ያበጠ ግንድ አለ፤ ውሃ የሚያጠራቅመው እዚያ ውስጥ ነው። የእኔው ጠርዙ ልሙጥ ነው፤ ያበጠ ግንድም የለውም።

ፎቶውም ውሸት ነበር። ያ ፋላኖፕሲስ የሚባል የእስያ ኦርኪድ ነው፣ ዛፍ ላይ ተጣብቆ የሚያድግ። ዩሎፊያ ከ200 በላይ ዝርያ አለው፣ አብዛኞቹም የአፍሪካ ናቸው። የፒተርሲ አበባ ግን ረጅም ዘንግ ላይ ተራርቆ የሚወጣ፣ አረንጓዴና ቡናማ የተቀላቀለበት፣ ከንፈር የሚባለው የታችኛው የአበባ ቅጠሉ ነጭና ሐምራዊ የሆነ ነው። ለእኔ እሱም በጣም ያምራል።

እውነተኛውን ይዞ ቢመጣስ? ከየት እንዳመጣው ጠይቁት። ከሜዳ ቆፍሮ ከሆነ፣ እባካችሁ አትግዙት። የኦርኪድ ዘር እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ አፈሩ ውስጥ የሚስማማውን ፈንገስ ካላገኘ አይበቅልም። የተነቀለ በቀላሉ አይተካም። ኢትዮጵያ ደግሞ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሳይተስ (CITES) ስምምነት አባል ናት፤ ለመጥፋት የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋት ከአገር አገር የሚሸጡበትን የሚቆጣጠር ስምምነት ነው። ኦርኪዶች በሙሉ እዚያ ውስጥ ስለሚገቡ፣ ከሜዳ የተነቀለ ይዛችሁ ያለ ፈቃድ ወደ ጅቡቲ እንዳትሻገሩ።

ሰውዬው ስልክ አያነሳም። ሰሞኑን አሸዋ አካባቢ ሦስት ፖት ይዞ እንዳዩት ጓደኞቼ ነግረውኛል። ካገኛችሁት መጀመሪያ የቅጠሉን ጠርዝ ዳብሱ።