ወፍራሙ ፒኤስ ቱ፣ ሰማያዊዎቹ ሲዲዎችና «ሁሉንም ያነባል» ያለኝ ሰውዬ

ያገለገለ ፒኤስ ቱ የምትሸጡ ወንድሞች፣ አንድ ነገር እንነጋገር። «ይሠራል» እና «ሁሉንም ያነባል» አንድ አይደሉም። ማሽኑ በርቶ፣ የኳስ ጌም ከፍቶ፣ ሁለት ሦስት ጎል ተቆጥሮበት ስላየን ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ይህን የምለው ከወራት ንትርክ በኋላ ነው። ንትርኩ ከሻጩ ጋር እንዳይመስላችሁ፣ እሱማ ስልኩን አያነሳም። ዲስኩን ከሚያነበው ሌንስ ጋር ነው።

መጀመሪያ ዕቃውን ልንገራችሁ። ወፍራሙ ጥቁር ፕሌይስቴሽን 2 ነው፣ ከአሜሪካ የመጣ፣ ከነጆይስቲኩ፣ ከነሚሞሪ ካርዱ፣ ከአንድ ፌስታል ሙሉ ጌም ጋር። እውነቱን ለመናገር የገዛሁት ፌስታሉን ነው። ማሽኑ ገና ገበያ ሲወጣ የነበሩት ጌሞች ናቸው ውስጡ ያሉት፦ ሪጅ ሬሰር 5፣ ቴከን ታግ ቶርናመንት፣ ታይምስፕሊተርስ፣ ኤስኤስኤክስ፣ ፋንታቪዥን፣ ማደን 2001። ሁሉም ኦሪጅናል፣ ከነመመሪያቸው።

እኛ ጌም ቤት ያደግን ልጆች እነዚህን አናውቃቸውም። እኛ ፒኤስ ቱን የምናውቀው ዊኒንግ ኢለቨን በሚባለው የኳስ ጌም ነው። ማሽኑ ጃፓን የወጣው እ.ኤ.አ. ማርች 4 ቀን 2000፣ አሜሪካ ደግሞ ኦክቶበር 26፣ በ299 ዶላር ነበር። እኛ ሰፈር ሲደርስ ኮፒ እንዲያነብ ቺፕ ገብቶለት፣ በስክሪብቶ ስሙ የተጻፈበት ኮፒ ዲስክ ጎርሶ፣ ኳስ ብቻ እያጫወተ ነው። ሌላ ጌም ክፈትልኝ ያለ ልጅ ተራው ያልፈዋል። እና ይሄ ሁሉ ሰው በሌሊት ተሰልፎ ሲገዛው ምን ሊጫወትበት ነበር? ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። ፌስታሉን ሳይ እጄ ኪሴ ገባ።

ሻጩ ፊት ለፊቴ የኳስ ዲቪዲ ከተተ፣ ወዲያው ተከፈተ። «ሁሉንም ያነባል፣ ሰርቪስ የተደረገ ነው» አለኝ። ትራንስፎርመርም ጨመረልኝ፣ ለዚህ እንኳ አመሰግነዋለሁ። የአሜሪካው ወፍራም ማሽን ፓወሩ ውስጡ ነው ያለው፣ የሚፈልገውም 120 ቮልት ነው። የእኛ ግድግዳ ላይ ቀጥታ ከሰካችሁት የሚመጣውን ሽታ ታውቁታላችሁ። ዘመድ ከዲሲ ልኮላቸው በመጀመሪያው ቀን ያቃጠሉት ስንቶች ናቸው።

ቤት ወስጄ አንድ በአንድ መሞከር ጀመርኩ። አንዳንዶቹ ሳያንገራግሩ ተከፈቱ። ሪጅ ሬሰር 5 ላይ ስደርስ ግን ዲስኩ ይሽከረከራል፣ ያቆማል፣ እንደገና ይሽከረከራል፣ ውስጥ የሆነ ነገር ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ከዚያ ስክሪኑ ደም መስሎ ይቀላና የፕሌይስቴሽን ወይም የፕሌይስቴሽን 2 ዲስክ አስገባ የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ያስገባሁት እኮ እሱኑ ነው! ዲስኩን አውጥቼ በብርሃን አየሁት። ጭረት የለውም። ሥሩ ግን ከሌሎቹ ይለያል፣ ሰማያዊ ነው። የከፈተልኝን አንዱን ገልብጬ አየሁት፣ የተለመደው ብርማ ነው። ሌላ ሰማያዊ ፈልጌ ሞከርኩ፣ ያው ቀይ ስክሪን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፒኤስ ቱ ላይ በመጀመሪያ ሰሞን የወጡት ጌሞች ሁሉም በዲቪዲ አልነበሩም። ጌሙ ትንሽ ከሆነ፣ 700 ሜጋባይት አካባቢ ከበቃው፣ በሲዲ ነበር የሚያወጡት። እነዚያ ናቸው ከሥር በኩል ሰማያዊ የሆኑት። ሲዲና ዲቪዲ ደግሞ በአንድ ብርሃን አይነበቡም። ዲቪዲን የሚያነበው ቀይ ሌዘር ነው፣ 650 ናኖሜትር። ሲዲን የሚያነበው በዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ነው፣ 780 ናኖሜትር። ሁለቱም የሚወጡት ከዚያችው ከአንዷ ትንሽ ሌንስ ነው፣ ግን አንዱ ደክሞ ሌላው ጤነኛ ሊሆን ይችላል። የእኔ ማሽን በዲቪዲ ጎረምሳ፣ በሲዲ ሽማግሌ ነው። ሻጩ የፈተነልኝ በጎረምሳው በኩል ነው። አሁን «አላወቅኩም ነበር» ሊለኝ ይችላል። ይሁን፣ አላወቀም እንበል። የማያውቀውን «ሁሉንም» ብሎ መማል ግን ምን የሚሉት ንግድ ነው?

ለማረጋገጥ የፒኤስ ዋን ጌም ተዋስኩ፣ እሱም ሲዲ ነው። እምቢ አለ። የድሮ የሙዚቃ ሲዲ ከተትኩ፣ እምቢ። በቃ፣ በሽታው ታወቀ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት ማሽኑን ከመጫወት ይልቅ በመክፈት ነው ያሳለፍኩት ብል ማጋነን አይሆንም። መጀመሪያ ሌንሱን በጥጥና በአልኮል ጠረግኩት። አቧራው ወጣ፣ ለአንድ ሳምንት ያህል ተስፋ ሰጠኝ፣ ተመልሶ ተኛ። ከዚያ የሚሠራ ሰው ዘንድ ወሰድኩት። ልጁ የዋዛ አይደለም። ገና ቀይ ስክሪኑን ሲያይ «በዲቪዲ ይከፍታል አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ፣ እዚያው ወደድኩት። ክዳኑን ፈታና ሌንሱን ገልብጦ ከጎኑ ያሉትን ሁለት ደቃቅ ብሎኖች አሳየኝ። አንዷ የሲዲውን ጉልበት ትቆጣጠራለች፣ ሌላዋ የዲቪዲውን። የሲዲዋን በጣም ቀጭን በሆነ ካቻቢቴ ነካ አደረጋት፣ ነካ ብቻ፣ ዞረች ለማለት እንኳ ያስቸግራል። ዲስኩን ከተተ። ጠቅ ጠቅ ሳይል ተከፈተ። «ጉልበት ጨምሬለታለሁ፣ ዕድሜው ግን ያጥራል» አለኝ። እኔም ይጠር፣ ሳይጫወት ረጅም ዕድሜ ምን ያደርግለታል አልኩት።

«ሌንሱን ተወው፣ ሃርድ ዲስክ ልግጠምልህና ጌሙን ሁሉ ልጫንልህ» ብሎኝም ነበር። ይቻላል። ወፍራሙ ማሽን ጀርባው ላይ የሃርድ ዲስክ ቦታ አለው፣ ብዙ ሰውም እንዲህ ነው የሚጫወተው። ምክሩ ትክክል ነው፣ እኔ ነኝ ግትር። ኦሪጅናል ዲስክ ገዝቼ ዲስኩን መደርደሪያ ላይ ልሰቅለው ነው?

አሁን ወደ ጌሞቹ።

ሪጅ ሬሰር 5ን ይህን ሁሉ ጣጣ ስላበላኝ ልጠላው ነበር። አልቻልኩም። ነዳጁን ለቀቅ ታደርጋለህ፣ መሪውን ትጠመዝዛለህ፣ መልሰህ ትረግጣለህ፣ መኪናው በጎኑ ሙሉውን ኩርባ ተንሸራቶ ይወጣል። ያን ጊዜ ትንፋሽህን ትይዛለህ። ምስሉ በሰከንድ 60 ጊዜ ስለሚቀያየር እጅህና መኪናው አይለያዩም። ስለ ግራፊክሱ ግን አልዋሽም። የመኪናውም የሕንጻውም ጠርዝ የመጋዝ ጥርስ ነው። ማሽኑ ለግራፊክስ ብቻ የተመደበለት ሚሞሪ 4 ሜጋባይት ነበር፣ የመጀመሪያዎቹ ጌም ሠሪዎችም ገና አልለመዱትም ነበር፣ እና ብዙዎቹ ሙሉ ምስል በመሳል ፋንታ መስመሩን ግማሽ ግማሹን በየተራ ነበር የሚስሉት። በፍላት ስክሪን ከገዛኋት ርካሽ የኤችዲኤምአይ ማገናኛ ጋር ሳየው ዓይኔን አመመኝ፣ ደግሞም መሪው ዘገየብኝ። ኋላው የወጣውን የድሮውን ቴሌቪዥን ከዕቃ ቤት አወጣሁት። ሲስተሙን የአሜሪካው የቴሌቪዥን ሲስተም፣ ኤንቲኤስሲ፣ ላይ እስካደርገው ጥቁርና ነጭ ነበር ያሳየኝ። ካስተካከልኩት በኋላ ግን መጋዙ ጠፋ። የእነዚያ ጌሞች ትክክለኛ ቦታ ያ ቴሌቪዥን ነው፣ አራት ነጥብ። የሚቀነስበት ነገር ቢኖር መንገዶቹ ጥቂት መሆናቸውና ብዙውን ክፍል እርስ በርስ መጋራታቸው ነው። በሙሉ ዋጋ የገዛው አሜሪካዊ ቢያጉረመርም አይፈረድበትም።

የአሜሪካ ማሽን መሆኑም እዚህ ላይ ጠቀመኝ። አብዛኛው ያኔ የወጣ የአውሮፓ ቅጂ በሰከንድ 50 ነበር የሚሄደው፣ አንዳንዱም ከላይና ከታች ጥቁር ጨርቅ እንደተጋረደበት። ስለዚህ «ለምን የዱባዩን አልገዛህም፣ ከትራንስፎርመር ትገላገል ነበር» ለሚለኝ ጓደኛዬ መልሴ ይህ ነው።

ታይምስፕሊተርስ ከሁሉም ያስገረመኝ ነው። የተኩስ ጌም ነው፤ ጎልደንአይን የሚባለውን የተኩስ ጌም ሬር በሚባል ድርጅት ውስጥ ሆነው ከሠሩት መካከል የወጡ ሰዎች ፍሪ ራዲካል ዲዛይን የሚል የራሳቸውን ድርጅት መሥርተው የሠሩት ነው። ታሪክ የሚባል ነገር የለውም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1935 መቃብር ውስጥ ትገባለህ፣ አንድ ዕቃ ታነሳለህ፣ የሚተኩሱብህን እያለፍክ ይዘህ ትወጣለህ። ቀጥሎ ሌላ ዘመን፣ ሌላ ዕቃ። በቃ። ግን ፍጥነቱ! አንድም ሰው ቆሞ አያወራህም፣ እንዴት እንደምትራመድ አያስተምርህም። የዛሬ ጌም ገና ሲጀመር አንድ ሰዓት ሙሉ ሲመክርህ ይውላል፣ በላዩ ላይ ደግሞ ስንት ጊጋ አፕዴት ካላወረድክ አይከፈትም፣ ኢንተርኔታችንን ታውቁታላችሁ። የራስህን ካርታ የምትሠራበትም አለው። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ጌም ቤታችን ውስጥ ይህ ቢከፈት ኖሮ ዊኒንግ ኢለቨን ተቀናቃኝ ያገኝ ነበር ባይ ነኝ።

ስለ ቴከን ታግ ለቴከን 3 ልጆች አዲስ ነገር አይነገራቸውም፣ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ትደባደባላችሁ፣ የደከመውን ስታስወጡት ትንሽ ያገግማል፣ ከሁለቱ አንዱ ከወደቀ ግን አለቀላችሁ። እኛ ቤት ግን ድብድቡ ተረስቷል። ጌሙን ደጋግማችሁ ስትጨርሱ ቦውሊንግ ይከፈታል። አዎ፣ ቦውሊንግ፣ ከተደባዳቢዎቹ ከእነ ሄይሃቺ ጋር። አቅጣጫ ታስተካክላለህ፣ ጉልበት ትለካለህ፣ ትለቃለህ። እህቴ ጌም በሕይወቷ ነክታ አታውቅም። አሁን ከሥራ ስትመጣ ጫማዋን ሳታወልቅ «አብራው» ትላለች። ደግሞ ታሸንፈኛለች።

ኤስኤስኤክስ በበረዶ ላይ መንሸራተቻ ነው። እኔ በረዶ የማውቀው ክረምት ላይ ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው፣ ቢሆንም ቶኪዮ ሜጋፕሌክስ የሚባለውን መንገድ ሞክሩት። ፋንታቪዥን ርችት ማፈንዳት ነው፣ ለእንግዳ ይሆናል። ማደን የአሜሪካኖቹ ኳስ ነው፣ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ።

ሻጩ ሳያስበው የሰጠኝ ነገር ግን አለ። ሚሞሪ ካርዱን አላጸዳውም። ማሽኑ ሲበራ ከጨለማው ውስጥ የሚነሱትን ምሰሶዎች ታስታውሳላችሁ? ለጌጥ አይደሉም። ካርዱ ላይ ከተመዘገበው ተነስተው ነው የሚሠሩት፣ የተጫወትከው ጌም ሲበዛ ይበዛሉ፣ ደጋግመህ የከፈትከው ይረዝማል። የእኔ ገና በመጀመሪያው ቀን ጫካ ነበር። አሜሪካ ያለ የማላውቀው ሰው ስንት ክረምት እንደተጫወተበት ቁጭ ብዬ አየሁት። ማደን በጣም ይወድ ነበር። አልሰረዝኩበትም፣ ለራሴ ሌላ ካርድ ገዛሁ።

እና ልግዛው ወይ ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ሪጅ ሬሰር በከፈተልኝ ማታ ብትጠይቁኝ ዛሬውኑ ግዙ እላችኋለሁ። ቀይ ስክሪን ባየሁበት ማታ ብትጠይቁኝ ደግሞ ያን ሰውዬ አድራሻ ፈልጉልኝ እላለሁ። ማሽኑን አልወቅስም። ሩብ ምዕተ ዓመት የሠራ ሌንስ ቢደክም ምን ይገርማል። አልሸጠውምም። ባለፈው አንዱ ጓደኛዬ የገዛሁበትን ሊሰጠኝ ነበር፣ እህቴ ናት «ቦውሊንጉንስ?» ብላ ያባረረችው።

የምትገዙ ከሆነ ግን የሙዚቃ ሲዲ ኪሳችሁ ከታችሁ ሂዱ። ከተጫወተ ሰማያዊዎቹንም የማንበብ ተስፋ አለው። ሻጩ «ጌም ነው የምትገዛው ወይስ ቴፕ?» ብሎ ቢስቅባችሁ ይሳቅ፣ እናንተ ክተቱ ብቻ።

እኔ ሰሞኑን መለዋወጫ ሌንስ እየፈለግኩ ነው፣ ጉልበት የተጨመረለት ብዙ እንደማይቆይ ልጁ ነግሮኛልና። ያላችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ። «ሁሉንም ያነባል» እንዳትሉኝ ብቻ፣ በሲዲ አሳዩኝ።