ለልጄ ሳንባ የገዛሁት ትራምፖሊን፦ ዝላዩ ጥሩ፣ መያዣው ደካማ

ስለዚህ ዕቃ የተጻፉት አስተያየቶች አብዛኞቹ ክብደት ስለመቀነስ ናቸው። እኔ የገዛሁት ለሳንባ ነው። የስምንት ዓመቷ ልጄ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ አለባት። አክታዋ ወፍራምና የሚያጣብቅ ስለሆነ በየቀኑ ተራግፎ መውጣት አለበት፤ ዝላዩም ለዚህ ነው። «ይሄ የፈረንጅ በሽታ አይደል እንዴ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ባለቤቴ ፈረንጅ ነው፤ ግን በሽታው የሚመጣው ጉድለት ያለበት ዘረ መል ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ነው። ስለዚህ ግማሹ የኔ ነው፣ ከሸዋ የመጣ።

ዕቃው ክብ ነው፤ ስፋቱ አንድ ሜትር ገደማ ሲሆን ስድስት እግርና ከፊት የሚያዝ ብረት አለው። ዋጋው ከ100 ዶላር ትንሽ ከፍ ይላል። በብረት ሞላ የተወጠረውን ትቼ በላስቲክ ገመድ የተወጠረውን መረጥኩ። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አፓርትመንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሞላው ሲጢጥ ሲል ከታች ያሉት ሴትዮ ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። በላስቲኩ እስካሁን አንድም ቀን አላንኳኩብኝም።

ለምን ጂም አትወስጃትም ለሚለኝ፦ ይህ በሽታ ያለባቸው ሰዎች እርስ በርስ መቀራረብ የለባቸውም። ሱዶሞናስንና ቡርክሆልደሪያን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎች ከአንዱ ሳንባ ወደ ሌላው ይተላለፋሉ፤ ቢያንስ ሁለት ሜትር መራራቅ ግድ ነው። እንደሷ ያሉ ልጆች ተሰብስበው ስፖርት የሚሠሩበት ክፍል ብሎ ነገር ስለዚህ የለም። ቤት ውስጥ የሚወደድ ነገር መፈለግ ነበረብኝ።

ፊዚዮቴራፒስቷ ያስተማረቻት እንዲህ ነው፦ ጥቂት ደቂቃ ትዘላለች፣ ታርፋለች፣ ከዚያ መስተዋት በትንፋሹ እንደሚያደበዝዝ ሰው አፏን ከፍታ «ሃ» ትላለች። ልጄ የማባዛት ሰንጠረዥ እየጮኸች ነው የምትዘለው። ሰባት ላይ ሁሌም ትሳሳታለች፤ ትስቃለች፤ ሳቁ ራሱ ያስላታል። ከዚያ ያ እርጥብ፣ ከታች የሚመጣው ሳል ይከተላል። ሶፍት ላይ ትተፋና ታሳየኛለች፦ «ማሚ፣ ዛሬ ነጭ ነው!» እኔም አይቼ «ጎበዝ» እላለሁ። በኛ ቤት ይሄ የወግ ጨዋታ ነው።

እናቴ ከአዲስ አበባ የመጣች ጊዜ ግን ጉድ ፈላ። «ልጅቷ እያሳለች ታስዘልያታለሽ? አውርጃት!» አለችኝ፤ ጋቢዋን ይዛ ተነሳች። አልፈርድባትም። እኛ ያደግነው ልጅ ሲያስል በጋቢ ተጠቅልሎ፣ ዝንጅብል ጠጥቶ እንዲተኛ ነው። «እማዬ፣ የምትዘለው እኮ እንድታስል ነው» ብላት አልዋጥልሽ አላት። እሱን ስትቀበል ደግሞ በጨው ተጣላን። በዚህ በሽታ በላብ የሚወጣው ጨው ከሌላው ሰው እጅግ ይበልጣል፤ ልጄን ግንባሯን ስስማት ከንፈሬ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ከዝላይ በኋላ ውኃና ጨዋማ ነገር የግድ ነው። አሁን ቆሎውን እናቴ ራሷ ጨው በጨው አድርጋ ታመሳዋለች።

ወደ ጉድለቱ ልምጣ። መያዣው የሚቆመው በአንድ ዘንግ ብቻ ነው፤ ይወዛወዛል። ብሎኖቹ በየሳምንቱ ይላላሉ፣ መፍቻውን ከአጠገቡ አናርቅም። እጀታውን የሸፈነው ስፖንጅ ተልጧል፤ ልጄም ቁጭ ባለች ቁጥር እየቆነጠረች ትጨርሰዋለች። ለሻጩ ጻፍኩ፤ የላከልኝ መልስ ሳጥኑ ውስጥ የነበረውን የመገጣጠሚያ ወረቀት ፎቶ ነው። ሳጥኑ ላይ «ከሰውነት መርዝ ያስወጣል» ተብሎ የተጻፈውንም ወሬ ነው ብላችሁ እለፉት።

ደግሞም ሕክምና አይተካም። መድኃኒቱን እንደ ጉም አድርጎ የሚያስተነፍሳት ኔቡላይዘሩም፣ ደረቷን የሚያንቀጠቅጠው ጃኬትም፣ ምግብ ለመፍጨት የሚረዳት የኢንዛይም እንክብሉም እንዳሉ ናቸው። ትራይካፍታ የተባለውን መድኃኒት ከጀመረች ወዲህ አክታዋ ቀሏል፤ ሐኪሟ ግን ዝላዩ እንዲቀር አልፈቀደችም። በዚህ በሽታ አጥንትም ስለሚሳሳ፣ በእግር ቆሞ የሰውነትን ክብደት ተሸክሞ የሚሠራ ስፖርት ለዚያም ይጠቅማል።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ትራምፖሊን ቤት ውስጥ እንዳይኖር ይመክራል፤ ስብራቱ ብዙ ነው። እኔም ሐኪሟን ሳላማክር አልገዛሁም። ሕጋችን ጥብቅ ነው፦ አንድ ልጅ ብቻ፣ መገለባበጥ የለም፣ ትልቅ ሰው አጠገቧ ይቆማል። አክታው ላይ ደም ከታየ ወይም ድንገት ደረቷን ከወጋት ዝላይ ቀርቶ ወደ ሐኪም ስልክ ነው።

አራት ኮከብ ሰጥቼዋለሁ፤ አንዱን የቀነስኩት በመያዣው ነው። የምትገዙ ከሆነ ሁለት ዘንግ ያለውን ፈልጉ፤ 20 ወይም 30 ዶላር ቢጨምርም አይቆጫችሁም። ጣሪያችሁ ዝቅ ያለ ከሆነ ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ፤ ባለቤቴ ረጅም ነው፣ «እስቲ ልሞክረው» ብሎ አናቱን ከመብራቱ ጋር አጋጭቶታል።