የትኛው አፕ ካሎሪን እንዴት ይቆጥራል? ፊትቢት፣ አፕል ዎች፣ ሳምሰንግ ሄልዝና ማይ ፊትነስ ፓል ሲነጻጸሩ

እሁድ ጠዋት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ፈጢራ አዘን ቁጭ ብለናል። የአክስቴ ልጅ የእጅ ሰዓቷንና ስልኳን ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አቦ እየው እስቲ! ሰዓቱ ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ 400 ካሎሪ አቃጥለሻል አለኝ። ስልኩ ደግሞ 0 ይላል። የቱ ነው የሚዋሸው?»

ሰዓቱን ጥላ ሌላ ልትገዛ ታይዋን ገበያ ለመሄድ ተነስታለች። ቆይ አልኳት። ሁለቱም አልዋሹም። ሁለቱም «ካሎሪ» ይላሉ እንጂ የሚቆጥሩት ነገር አንድ አይደለም።

ሰውነታችን ተኝተንም ያቃጥላል። ልብ ይመታል፣ ሳንባ ይተነፍሳል። ይህን ለመገመት ብዙ አፖች በ1990 (እ.ኤ.አ.) የወጣውን የሚፍሊን ሴንት ጆር ቀመር ይጠቀማሉ። ኪሎን በ10፣ ቁመትን በሴንቲ ሜትር በ6.25 አባዝቶ መደመር ነው። ከዚያ ዕድሜ በ5 ተባዝቶ ይቀነሳል። በመጨረሻ ለሴት 161 ይቀነሳል፣ ለወንድ 5 ይጨመራል። የአክስቴ ልጅ 34 ዓመቷ፣ 70 ኪሎ፣ 1 ሜትር ከ62 ናት። ሲሰላ ወደ 1,380 ይመጣል። ቀኑን ሙሉ ተኝታ ብትውል እንኳ ይህን ያህል ታቃጥላለች ማለት ነው፤ በሰዓት 57 ወይም 58። የአፑ ቀን የሚጀምረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። ከዚያ እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት 7 ሰዓት ይሆናል። 400ው የመጣው ከዚህ ነው። ስልኩ 0 ያለው ደግሞ እንቅስቃሴን ብቻ ስለሚቆጥር ነው።

ፊትቢት የሚቆጥረው እንዲህ ነው። «የተቃጠለ» ብሎ የሚያሳየው የዕረፍቱንም የእንቅስቃሴውንም በአንድ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ምን ያህል እንደወጣ ማወቅ ለሚፈልግ ይመቻል። አደጋው ማታ ላይ ነው። 1,900 የሚል ቁጥር ያየ ሰው ሁሉንም በእግሩ ያገኘው ይመስለውና እራቱን ይደርባል።

አፕል ዎች ተቃራኒውን ያደርጋል። ሰዓቱ ላይ የሚታየው ቀዩ ቀለበት የሚሞላው በእንቅስቃሴ ካሎሪ ብቻ ነው፤ ዕረፍቱ አይገባበትም። ስለዚህ ቁጥሩ ከፊትቢት ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፣ አትደንግጡ። ጎረቤታችሁ በፊትቢት 2,000 እናንተ በአፕል 350 ብታዩ እሱ በለጣችሁ ማለት አይደለም። ሰዓቱን ለማስጀመር አይፎን ያስፈልጋል። አይፎን ብቻ ያለው ደግሞ ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ቀለበቱን ያለ ሰዓትም ማየት ይችላል።

ሳምሰንግ ሄልዝ ሁለቱንም ለይቶ ያሳያል፤ የእንቅስቃሴው ለብቻ፣ ጠቅላላው ለብቻ። በሌላ የአንድሮይድ ስልክ ላይም ይጫናል። ግራ መጋባት ለሰለቸው ሰው እኔ መጀመሪያ የምጠቁመው ይህንን ነው።

ትልቁ ውዝግብ ያለው ግን ማይ ፊትነስ ፓል ላይ ነው። ይህ አፕ በዋናነት የሚያሳየው የተቃጠለውን ሳይሆን የቀረውን ነው። ስሌቱ ግልጽ ነው፤ ግቡ፣ ሲቀነስ ምግብ፣ ሲደመር ስፖርት። የአክስቴ ልጅ ግብ 1,400 ነው። 1,100 በልታ ከሳቢያን እስከ ከዚራ አካባቢ አንድ ሰዓት ብትራመድና 240 ብትመዘግብ፣ «ሪሜይኒንግ» (የቀረሽ) 540 ይላታል። ሳትራመድ 300 ነበር። ብዙ ሰው «ግቤ ለምን ተቀየረ?» የሚለው እዚህ ጋ ነው። ግቡ አልተነካም። የተራመደችውን መልሳ እንድትበላው ፈቀደላት እንጂ።

240ው ራሱ ትንሽ ያታልላል። በዚያች ሰዓት ተቀምጣ ብትውልም ወደ 60 ታቃጥል ነበር። ያ ደግሞ ግቡ ሲወጣ አስቀድሞ ተቆጥሯል። ስለዚህ የእግር ጉዞው እውነተኛ ትርፍ 180 ገደማ ነው። ሲጀመር የሚጠየቀው «ምን ያህል ትንቀሳቀሳለህ?» የሚለው ጥያቄም ወጥመድ አለው። «አክቲቭ» ብላችሁ መልሳችሁ ከዚያ ያንኑ ጉዞ እንደ ስፖርት ከመዘገባችሁ፣ አንዱን እርምጃ ሁለት ጊዜ በላችሁት። ቢሮ ተቀምጦ የሚውል፣ በባጃጅ ሄዶ በባጃጅ የሚመለስ ሰው ዝቅተኛውን ይምረጥ። በድሬ ሙቀት ቀትር ላይ ማን ይራመዳል?

ሰዓት ከአፑ ጋር ሲያያዝ ደግሞ «አጀስትመንት» (ማስተካከያ) የሚል መስመር ይመጣል። አፑ ቀኑ ሲያልቅ ምን ያህል እንደምታቃጥሉ ከሰዓቱ ተነስቶ ይገምታል፤ መጀመሪያ ከገመተው ጋር ያለውን ልዩነት ይጨምራል። ቀኑ ገና ስላላለቀ ቁጥሩ ይወጣል ይወርዳል። ጠዋት ተራምዳችሁ ከሰዓት ከተኛችሁ የተሰጣችሁ ሊሸረሸር ይችላል። የአክስቴን ልጅ ይህንን ማገናኛ አጥፊው አልኳት። ቋሚ ቁጥር ይዞ መቆየት ይሻላል።

በነገራችን ላይ የዚህ አፕ ባርኮድ ማንበቢያ ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚከፈልበት ሆኗል። ለእኛ ብዙ አይጎዳንም። ፈጢራ መቼ ባርኮድ ኖሮት ያውቃል? እንጀራና ወጥን ግን ሌሎች ተጠቃሚዎች ከመዘገቡት ከመውሰድ ራሳችሁ መዝናችሁ አንዴ «ሬሲፒ» ብላችሁ ብታስገቡ ይሻላል። ብረትና ቫይታሚን ጭምር መከታተል ለሚፈልግ ክሮኖሜትር የሚባለው የምግብ መረጃው ይበልጥ የተጣራ ነው።

ድንገት 5,800 የሚል ግብ ካያችሁም አትሩጡ። መለኪያው ኪሎ ጁል ወደሚባለው ሌላ የኃይል መለኪያ ዞሮ ነው። ለ4.184 አካፍሉት፣ 1,400 አካባቢ ይመጣል። ረመዳን ላይ ደግሞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ የተበላ ሁሉ የሚመዘገበው በአዲሱ ቀን ነው። ሱሁሩ ከሚቀጥለው ኢፍጣር ጋር አንድ ገጽ ላይ ይወጣል።

ለሰዓት ብዙ ብር ልታወጡ ያሰባችሁ ይህንንም እዩ። በ2017 (እ.ኤ.አ.) የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰባት የእጅ መሣሪያዎችን ፈትነው ነበር። የልብ ምቱን አብዛኞቹ በደንብ ለኩ። ካሎሪ ላይ ግን ከሁሉ የተሻለው እንኳ በአማካይ 27 በመቶ ስቷል። ስለዚህ ለካሎሪ ብቻ ብሎ ውድ ሰዓት መግዛቱ አይታየኝም። እርምጃና የልብ ምት ከፈለጋችሁ ሌላ ነገር ነው።

የአክስቴ ልጅ ገበያውን ተወችው። ማገናኛውን አጠፋች፣ እንቅስቃሴዋን ወደ ዝቅተኛው መለሰች። ከዚያ ፈጢራው መጣ።

«እሺ፣ ይሄን ስንት ብዬ ልሙላው?»

«ግማሽ በይው» አልኳት፣ ሳህኑን ወደኔ እየሳብኩ።