እንቁላል ይቀመጥ ወይስ ፅንስ? ከመክፈል በፊት የሚታይ ንጽጽር

ወደ ሠላሳ አምስት ዓመት የተጠጉ ወዳጆቼ «ኋላ ለመውለድ እንቁላሌን አቀዝቅዤ ላስቀምጥ ወይስ ተዳቅሎ ፅንስ ይሁን?» እያሉ ስለሚመላለሱብኝ መልሴን እዚህ አስፍሬዋለሁ፤ የልጇን አባት ገና ላልወሰነች ሴት እንቁላሉ ሳይዳቀል መቀመጡ ይሻላል።

ፅንስ ቅዝቃዜን ይበልጥ እንደሚቋቋም አልክድም። እንቁላል በውሃ የተሞላ አንድ ትልቅ ሕዋስ በመሆኑ፣ በድሮው አዝጋሚ ዘዴ ሲቀዘቅዝ በውስጡ የሚፈጠረው የበረዶ ቅንጣት ክሮሞዞሞቹን የሚያሰልፈውን አውታር ያበላሸው ነበር። ቪትሪፊኬሽን የተባለው ፈጣን ዘዴ ችግሩን በአብዛኛው ስላቃለለ፣ የአሜሪካ የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማኅበር በ2012 እ.ኤ.አ. «የሙከራ» የሚለውን ስያሜ ከእንቁላል ማቀዝቀዝ ላይ አንሥቷል። ባለሙያው እንቁላሉን በቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ጫፍ ላይ ከኢምንት ጠብታ ጋር አስቀምጦ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ወደ ሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ይነክረዋል፤ ጠብታው ከበዛ ቅዝቃዜው ይዘገያል፣ እንቁላሉም ይጎዳል። ስለዚህ በዚያው ቤተ ሙከራ ከቀለጡት እንቁላሎች ስንቱ እንደ ተረፉ ይጠይቁ።

በማስታወቂያ የሚነገረው ዋጋ ብዙውን ጊዜ እንቁላሉን ማውጣትንና ማቀዝቀዝን ብቻ ይሸፍናል፤ የሆርሞን መርፌው፣ በየዓመቱ የሚታደሰው የማቆያ ክፍያና የማቅለጫው ወጪ ለየብቻ ይመጣሉ። አንድ ዙር ካልበቃ መርፌው እንደገና ይገዛል። የማቆያውን ክፍያ ሊያስቀምጡት ባሰቡት ዓመታት ልክ አባዝተው ያስሉ። ፅንስ የማዳቀያውን ወጪ ዛሬውኑ ያስከፍላል፤ እንቁላል ግን ለነገ ያቆየዋል፤ እንቁላሉ ሳይፈለግ ከቀረም ያ ወጪ ጭራሽ አይከፈልም። በዚያ ላይ ፅንስ የሁለት ሰው ስለሆነ ጥንዶቹ ቢለያዩ የሴቲቱ ፈቃድ ብቻውን ላይበቃ ይችላል።

«የእንቁላል ቁጥር ይጨምራል» ተብሎ ለሚሸጥ እንክብል ግን ገንዘብዎን አያውጡ። በማኅፀን ያለች ሴት ፅንስ በ20ኛው ሳምንት ገደማ ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን እንቁላል ይኖራታል፤ ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን፣ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ደግሞ 300,000 ያህል ይቀራል። በዕድሜዋ የሚለቀቀው ከ400 እስከ 500 ብቻ ሲሆን የቀረው በራሱ ይከስማል። መርፌውም በዚያ ወር ሊከስሙ የነበሩትን ያበስላል እንጂ ክምችቱን አያሟጥጥም። ኤኤምኤች የሚባለው የደም ምርመራም የክምችቱን መጠን ይጠቁማል እንጂ ጥራቱን አይናገርም፤ ጥራቱን በዋናነት የሚወስነው እንቁላሉ በወጣበት ቀን ሴቲቱ ያላት ዕድሜ ነው።

በማርች 2018 እ.ኤ.አ. በሳን ፍራንሲስኮና በክሊቭላንድ የሚገኙ የሁለት ተቋማት የናይትሮጅን ማቆያ ታንኮች ተበላሽተው በሺህ የሚቆጠሩ እንቁላሎችና ፅንሶች ለአደጋ ተጋልጠዋል። ውል ከመፈረምዎ በፊት ናይትሮጅኑ ሲጎድል ማንቂያው በሌሊት ማን ዘንድ እንደሚደውል፣ እንቁላሎችዎም በሁለት ታንክ ተከፍለው ይቀመጡ እንደሆነ ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ።