ሀሁ ወይስ አቡጊዳ? ፊደልን በቤት ለማስተማር

አሜሪካ ውስጥ ልጆቿን በቤት የምታስተምር ክርስቲያን እናት፣ ከጠዋቱ ጸሎት በኋላ ለአማርኛ የምታገኘው 15 ደቂቃ ቢሆን ነው። በየትኛው ትጀምር?

ሀሁ 33ቱን ፊደላት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በተራ ይዘልቃል። የ5 ዓመት ልጅ ዜማውን ቶሎ ይይዘዋል፤ ጣጣውም እዚያው ነው፤ አፉ «ለ ሉ ሊ» ሲል ዓይኑ ታናሽ ወንድሙን ያያል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ገበታውን በወረቀት ሸፍኖ አንድ ፊደል ብቻ ማሳየት። ካልለየው ያጠናው ዜማውን ነው።

አቡጊዳ (አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ) ይህን ይሰብራል። በየፊደሉ ቤቱም (ተራው፣ ለምሳሌ ከለ እስከ ሎ) ድምፁም ስለሚቀያየር ቅርጹን ሳያዩ ማለፍ አይቻልም። ያለ ሀሁ ከተጀመረ ግን ልጁን ያስለቅሳል።

ስለዚህ ሀሁ ይቅደም፤ በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን አንድ ቤት። የካዕብ (እንደ ሉ) ቅጥያ በአብዛኛው ከወገብ፣ የሣልስ (እንደ ሊ) ከእግር መሆኑን ልጁ በጣቱ ይንካው። ሩ እና ፉ ከሥርዓቱ ስለሚያፈነግጡ ለብቻቸው ይጠኑ። ሳድስ (እንደ ል) ወጥ ምልክት የለውም፤ እሱ ላይ ጊዜ መውሰድ ያዋጣል። አቡጊዳው በ7ኛው ሳምንት ማብቂያ ይግባ። ከዚያ በየኔታ ልማድ የዮሐንስ መልእክት ነው፤ «እግዚአብሔር ፍቅር ነው» ጥሩ መነሻ ነው፣ ረጅሙን ቃል በአራት ከፍሎ፦ እግ፣ ዚ፣ አብ፣ ሔር።