ለጀማሪዎች የሚሸጠው የሱፍ ፌልት መሥሪያ፤ መርፌው ደህና፣ ሱፉ ግን ለሥራው የማይመች

በኢንተርኔት ገበያዎች «ለጀማሪ» ተብለው የሚሸጡት የፌልት መሥሪያ ዕቃዎች አብዛኞቹ የአምራች ስም የላቸውም፤ ለዚህ ግምገማ የተጠቀምሁበትም እንደዚያው ስም አልባ ነው። በካርቶኑ ውስጥ በየቀለሙ የተጠቀለለ ሱፍ፣ ውፍረታቸው የተለያየ መርፌዎች፣ የእንጨት እጀታ፣ ስፖንጅና የቆዳ ጣት መከላከያ ይገኛሉ።

የፌልት ሥራ ሱፍን ሳይፈትሉና ሳይሸምኑ ማጠጠር ነው። እያንዳንዱ የሱፍ ፀጉር በላዩ ረቂቅ ቅርፊቶች ስላሉት፣ ሙቅ ውሃና ሳሙና አግኝቶ ሲታሽ ከጎረቤቱ ጋር ይተሳሰራል፤ በደረቁ በሚሠራው ዘዴ ደግሞ ጠርዙ ላይ ጥቃቅን ጥርሶች ያሉት መርፌ ፀጉሮቹን ወደ ውስጥ እየጎተተ ይተበትባቸዋል። ይህ ዕቃ የተዘጋጀው ለሁለተኛው ዘዴ ነው።

መርፌዎቹ 36፣ 38 እና 40 ቁጥር ሲሆኑ፣ ቁጥሩ በጨመረ መጠን መርፌው ይቀጥናል። 36 ቅርጹን በፍጥነት ለማውጣት፣ 38 ለአብዛኛው ሥራ፣ 40 ደግሞ ገጹን ለማለስለስ ያገለግላል። ጥራታቸው አያስከፋም፤ ነገር ግን ምንም ምልክት ስለሌላቸው ጀማሪ አንዱን ከሌላው ለመለየት ይቸገራል፤ የማይወጋውን የላይኛውን ጫፋቸውን በተለያየ የጥፍር ቀለም መቀባት ይበጃል። መርፌው በገባበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ መውጣት አለበት፤ ውስጥ እያለ ከተጣመመ ይሰበርና ስባሪው በሥራው ውስጥ ይቀራል፤ ሥራው የሕፃን መጫወቻ ከሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዋናው ቅሬታዬ በሱፉ ላይ ነው። የቀረበው የተበጠረ ሜሪኖ (ሜሪኖ ከተባለ የበግ ዝርያ የሚገኝ ሱፍ) ነው፤ እጅግ ለስላሳ ቢሆንም ፀጉሮቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለተኙ በመርፌ ሲወጋ ቶሎ አይጠጥርም፣ የመርፌውም ቀዳዳ ፊቱ ላይ ይታያል። ለመርፌ ሥራ የሚመቸው ትንሽ ሻከር ያለ፣ ፀጉሩ በደጋን እንደተነደፈ ጥጥ በየአቅጣጫው የተበታተነ ሱፍ ነው፤ በውጭ አገር ለሚኖሩ ከኒውዚላንድ የበግ ዝርያ የሚገኘው ኮሪዴል ጥሩ ምርጫ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው የመንዝ በግ ሱፍ አለለት። ባና የሚሸመንበት ይህ ሱፍ ሻካራ ነው፤ በለብታ ውሃና በሳሙና ሳይታሽ (ከታሸ እዚያው ይጠጥራል) ታጥቦ፣ ጥላ ውስጥ ደርቆ፣ በእጅ ከተፈለቀቀ በኋላ ለሥራው እምብርት ይሆናል። ከላይ የሚፈነጥሩትን ወፍራም ፀጉሮች የካርቶኑን ሜሪኖ በስሱ አልብሶ መሸፈን ይቻላል፤ በእኔ አስተያየት ሜሪኖው እውነተኛ ቦታውን የሚያገኘው እንዲህ ሲሆን ነው።

ስፖንጁ ቶሎ እየተፈረፈረ ከሱፉ ጋር ስለሚቀላቀል፣ ሩዝ የተሞላ ትንሽ የጆንያ ከረጢት ይተካዋል።

ፍላጎታችሁ በውሃ የሚሠራው ከሆነ ይህን ዕቃ አትግዙ። ለዚያ ሜሪኖ፣ ሳሙናና ሙቅ ውሃ ይበቃሉ፤ «በማሽን የሚታጠብ» የተባለ ሱፍ ግን ቅርፊቱ በኬሚካል ስለተደመሰሰ ወይም ስለተሸፈነ ቢታሽም አይጠጥርም። በመርፌ መጀመር የሚሻ ሰውም ጥቂት 38 ቁጥር መርፌዎችንና የተነደፈ ሱፍን ለየብቻ ቢገዛ፣ ካርቶኑን ከመግዛት ይሻለዋል።