ለአሸዋማ ግቢ፦ የበረሃ ብሉቤል ወይስ የካሊፎርኒያ ፖፒ?

ላስ ቬጋስ ወይም ሎስ አንጀለስ አካባቢ ላላችሁ፣ ግቢያችሁም አሸዋና ጠጠር ብቻ ሆኖ ላስቸገራችሁ። ሁለቱም አበቦች ለዚያ ደረቅ አገር ባዳ አይደሉም። በመከር ዘርታችኋቸው በጸደይ ያብባሉ።

ፖፒን የማያውቅ የለም። ከ1903 ጀምሮ የካሊፎርኒያ ግዛት አበባ ነው። እምቡጡ ሹል ቆብ ደፍቶ ይቆይና፣ ሊፈነዳ ሲል ቆቡን አውልቆ ይጥላል። ከዚያ አራት ብርቱካናማ ቅጠሎች ይዘረጋሉ። ማታና ደመና ሲሆን ግን ጥቅልል ይላል። ሥሩ ወደ ታች ስለሚወርድ ነቅሎ መትከል አይሆንለትም፤ እዚያው መዝራት ነው።

ብሉቤል የሞሃቪና የሶኖራ በረሃ ልጅ ናት። እንደ ትንሽ ደወል ሆና ታብባለች። ቀለሟ ፈዛዛ ሰማያዊ እንዳይመስላችሁ፤ ድምቅ ያለ፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ነው። ጠጋ ብላችሁ ስታዩ ነጣ ያለ ጫፍ ያላቸው ቀጫጭን ክሮች ከመሃሏ ብቅ ብለዋል። ንቦች ይወዷታል፤ ፖፒ የአበባ ዱቄት እንጂ ወለላ የለውም፣ እሷ ግን ሁለቱንም ትሰጣለች። ዘሯን ስስ አፈር አልብሷት።

አንድ ጣጣ አለባት። ግንዷና ቅጠሏ ላይ ያለው ስስ ፀጉር የአንዳንድ ሰው ቆዳ ላይ ሽፍታ ያወጣል። ስትነኳት ጓንት አድርጉ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ብሉቤልን እመርጣለሁ። ብርቱካናማ አበባ የትም ይገኛል፤ እንዲህ ያለ ሰማያዊ ግን ብርቅ ነው። ቤት ውስጥ ሁሉን የሚነካ ሕፃን ካለ ግን ፖፒ ይሁን።